ሚስኢዝ ያለችው ሙሽራ

ዶርካስ ፔክ ወደ ሰፈራችን ወደ ሆልም ድሮቭ የመጣችው በመከር መጨረሻ ነው፤ በጃቤዝ ፎቫርግ ጋሪ ላይ፣ አንድ የልብስ ሣጥንና እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ይዛ። እሷ የደጋ ልጅ ነበረች፣ እኛ የረግረጉ ሰዎች ነን። ጠዋት ከእኛ ሰፈር የተነሳ ሰው ለምሳ እነሱ ጋ ይደርሳል፤ ቢሆንም እነሱ እኛን በጣቶቻቸው መሃል እንደ ዳክዬ ቆዳ አላቸው እያሉ ያሙናል፣ እኛም እነሱን አቧራ በሎች እንላቸዋለን። ከደጋ ሚስት ማምጣት በእኛ ዘንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ጃቤዝ ግን ገበያ ላይ አይቶ ወደዳት፤ በሕይወቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ያደረገው ነገር ይኸው ብቻ ይመስለኛል።

የእኛ ቤት ከፎቫርጎች ቤት በአንድ ቦይ ማዶ ነው። የሙሽራዋ እራት ላይ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ጉያ ተወሽቄ ሁሉንም አይቻለሁ። የጃቤዝ እናት ታማር ቤቱን ጠራርጋ፣ አንድ ድስት ሙሉ እባብ መሳይ ኢል ዓሣ ቀቅላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ አጥንቷ የወጣ ሴት ነች፤ በሰፈራችን ስትስቅ ያያት ሰው ጥቂት ነው። ያን ማታ ግን ሙሽራዋን በገዛ እጇ ይዛ እሳቱ አጠገብ ካለው ወንበር፣ ከራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እናቴ ይህን አይታ በክርኗ አባቴን ጎሸም ስታደርገው ትዝ ይለኛል። ትልቅ ክብር ነበር።

ዶርካስ አባቷ ለሠርጓ ያሰፋላትን አዲስ ቦት ጫማ አድርጋ ነበር። ጫማው ጠቧታል። እግሯን አንዴ ከወንበሩ ሥር ትከታለች፣ አንዴ ታወጣለች። አባቴ ኦባዳያ ደግሞ ሰው ሲቁነጠነጥ አይቶ ዝም የማይል ሰው ነው።

«ምነው ሙሽሪት? ወንበሩ ይቆነጥጣል እንዴ?» አላት።

ዶርካስ ፊቷ ቀላ፣ ሳቅ አለች። «ኧረ ምንም አይደል አባባ፤ ትንሽ ሚስኢዝ ሆኖብኝ ነው» አለች።

ታማር ጭልፋውን እንደያዘች ድስቱ ላይ ቀረች፤ ከጭልፋው የሚንጠባጠበው መረቅ እሳቱ ላይ ሲጮህ ይሰማ ነበር።

ቃሉ የድሮ ነው፤ ዛሬ ወጣቶቹ አያውቁትም። ትርጉሙ አለመመቸት ማለት ነው። ደጋዎቹ ጫማ ሲጠባቸው፣ ሆዳቸውን ሲነፋቸው፣ እርጥብ አልጋ ላይ ሲያድሩ ይሉታል። እኛ ጋ ግን ለጫማውም ለሆዱም ሌላ ቃል አለ። ሚስኢዝ የምንለው ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ነው፤ ያውም በራሱ ጣሪያ ሥር ላስጠለለው ሰው። በሰው ማዕድ ቀርቦ «ሚስኢዝ ሆኖብኛል» ያለ፣ አስርባችሁኛል፣ አዋርዳችሁኛል፣ የእጃችሁን ይስጣችሁ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይነሳል፣ ይሄዳል። ተቀምጦ መብላቱን አይቀጥልም።

በዚያው ቤት ደግሞ ቃሉ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተብሎ ነበር። የታማር ባል እህት ሊያ፣ ጃቤዝ ገና ልጅ ሳለ፣ በፋሲካ ምሳ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ተነስታ ያቺኑ ቃል ተናግራ፣ በሩን ከፍታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋም አልተሰማም። ታማር ለጠየቃት ሁሉ «ኩራት ነው፤ ያበላኋትን ረግጣ ሄደች» ትል ነበር፣ ሰዉም አመናት።

ዶርካስ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ዓሣዋን መብላት ቀጠለች።

«ትበላለች!» አለች ታማር፣ ቀስ ብላ። «ሚስኢዝ ሆኖብኛል ትለኛለች፣ እንደገናም ትበላለች!»

«ምን አጠፋሁ?» ብላ ዶርካስ ባሏን አየችው። ጃቤዝ ሳህኑን ያያል። እናቴ እጄን ይዛ ተነሳች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ካፖርታቸውን ፈለጉ። ያ የሠርግ እራት እንዲህ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ዶርካስ የነገሩ ትርጉም ሲነገራት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ታማር ፊት ቆመች። ጎረቤት ስለሆንን ከግቢያችን ይሰማ ነበር።

«እናቴ፣ እኔ ስለ እግሬ ነው የተናገርኩት። ይዩት፣ ተረከዜ ተልጧል። በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ይቅር ይበሉኝ።»

«በእኔ ቤት ጫማ አይናገርም» አለች ታማር። «የተናገርሽው አንቺ ነሽ። የት እንደተቀመጥሽ፣ ማን ፊት እንደሆነ አውቀሽ ነው የተናገርሽው።»

«ምን አውቄ?»

«ሂጂ፣ ከፊቴ ጥፊ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶርካስ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ አታውቅም። የማገዶው ሣጥን በር ሥር ተጎትቶ ወንበሯ ሆነ። ክረምት ላይ ነፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚቷን ይበላታል። የላባ ትራሷ ጠፋ፤ ኋላ ታማር አልጋ ላይ ተገኘ። ምግብ ሲቀርብ ታማር ጮክ ብላ «እንግዲህ ለእመቤቲቱ ቀስ አድርጋችሁ አቅርቡላት፣ ሚስኢዝ እንዳይሆንባት!» ትላለች። ሰፈሩ ይህን ስም አነሳው። በቤተ ክርስቲያን ዶርካስ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ሴቶቹ ወደ ዳር ይሸሻሉ፤ ውሃ ስትቀዳ ልጆች «ሚስኢዝ መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ። እኔም ጮኼያለሁ፤ ሁላችንም ጮኸናል።

ጃቤዝ ምን አደረገ ቢባል፣ ምንም። ሳይነጋ ወጥቶ የሚነድ ጥቁር ረግረግ አፈር ሲቆፍር ይውላል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ጊዜ ዶርካስ እናቴ ፊት «አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም?» ስትለው፣ «አለኝ፤ ስለዚህ ነው የምበላው» አላት። ቀልድ መስሎት ነበር።

ዶርካስ መጀመሪያ ለስላሳ ነበረች። ሁለት ክረምት ቻለች። ሦስተኛው ላይ ልጇ አሞስ ተወልዶ፣ ገና ጡት ሳይጥል፣ ታማር ከድስቱ ለእሷ ስትጨልፍላት ሥጋውን ወደ ድስቱ መልሳ መረቁን ብቻ ሰጠቻት። «ለሚስኢዝ ቀጭን መረቅ ጥሩ ነው» አለች። ዶርካስ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ወደ እኛ ቤት መጥታ እናቴን «ድስት አውሺኝ» አለቻት። እናቴ የተሰነጠቀ ጆሮ ያለው ድስት ሰጠቻት። ተመልሳ ሄዳ ከታማር ድስት ጎን፣ በዚያው እሳት ላይ፣ በዚያው ሰንሰለት ሰቀለችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ታማር።

«የራሴን ልበላ ነው። ያንቺን ብዪ።»

ታማር የሰማችውን ማመን አቃታት። እስከዚያ ቀን ዶርካስ «እርስዎ» ስትላት ነው የኖረችው። «አንቺ? እኔን ነው አንቺ ያልሽኝ?»

«አንቺን ነው። ድስትሽን ጠጋ አድርጊልኝ፣ እሳቱን ከለልሽብኝ።»

ከዚያ በኋላ በፎቫርጎች ቤት በአንድ እሳት ላይ ሁለት ድስት ተጣደ። ሁለት የጨው ማሰሮ፣ ሁለት መጥረጊያ፣ ወለሉ ላይም ማንም ያላሰመረው ግን ሁለቱም የማይሻገሩት ድንበር። አንዷ ከጠረገች ቆሻሻውን እዚያ ድንበር ላይ ትተወዋለች፣ ሌላዋ መልሳ ትገፋዋለች። ጃቤዝ ከሁለቱም ድስት እየበላ ሆዱ ወጣ። አሞስ ደግሞ አባቱን መሰለ፣ ዝምተኛ ሆነ፤ ጢም ሳያበቅል ባቡር ሐዲድ ሥራ ብሎ ሄደ። ሲሰናበት እናቱ «ለምን?» ብትለው «ጸጥታ እፈልጋለሁ» አላት። እንግዲህ ባቡር ውስጥ ጸጥታ ፍለጋ!

ቄስ ፔልሃም ወደ ደብራችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን፣ አንገታቸው የረዘመ፣ የድሮ ቃል እንደ ወፍ እንቁላል የሚሰበስቡ ሰው። አባቴ ነው ያመለከታቸው፤ ጸብ ሲያይ እሳት መቆስቆስ ይወዳል። «ቄስ ሆይ፣ የድሮ ቃል ከፈለጉ ፎቫርጎች ቤት ይሂዱ፤ እዚያ አንድ ቃል ሁለት ሴት አግብቶ ይኖራል» አላቸው። እሱም ተከትሏቸው ሄደ፣ እኔም አባቴን።

ቄሱ መሃል ወለሉ ላይ ቆመው «ሚስኢዝ ማለት ምንድን ነው እናቴ?» አሉ።

ታማር በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመች። «ያችውና ሣጥን ላይ የተቀመጠችው።»

ዶርካስ ከምትበላው ላይ ቀና ብላ «ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ነው፤ ይሞክሩት» አለች።

አባቴ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ቄሱ ግን ኮስተር ብለው ማስረዳት ጀመሩ። በጥንት ዘመን ቃሉ ለማንኛውም አለመመቸት ይውል ነበር፤ ለብርድ፣ ለረሃብ፣ ለሕመም፣ ለድህነትም ጭምር። ስለዚህ የደጋዋ ሴት የተናገረችው ትክክለኛው ጥንታዊ አነጋገር ነው። የረግረጉ ሰዎች አነጋገር ደግሞ ከዚያ ጠብቦ የወጣ ነውና እሱም ስህተት አይደለም። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብለው ፈገግ አሉ፣ ያስታረቁ መስሏቸው።

ታማር ከወንበሯ ተነሳች። «እንግዲያው እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በባዶ ሜዳ ነው የተናደድኩት? በቤቴ ገብተው ሞኝ ሊሉኝ ነው?»

«ኧረ አላልኩም...»

«እኔንስ?» አለች ዶርካስ። «ልክ ነሽ ለማለት ነው የመጡት? ያጣሁት ልክ መሆንን መሰለዎት? እኔ ያጣሁት የምቀመጥበትን ነው። ከእሷ ጋር አንድ ላይ ልክ ከምሆን ብቻዬን ብሳሳት ይሻለኛል።»

ቄሱ ባርኔጣቸውን ሳይዙ ወጡ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ባርኔጣውን ማን ቦዩ ውስጥ እንደወረወረው ሁለቱም አልተናገሩም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ታማር አረጀች፣ ዳሌዋን አሟት በዱላ መሄድ ጀመረች። የዶርካስም ፀጉር ሸበተ። ፊቷ እንደ ታማር ፊት አጥንቱ ወጣ፤ ሰዎች ከሩቅ አሳስተው ይጠሯቸው ነበር፣ ሁለቱም በዚህ ይቆጡ ነበር።

የወንዙ ግድብ የተደረመሰው በየካቲት አንድ ጠዋት ነው። ወንዶቹ ሁሉ፣ ጃቤዝም አባቴም፣ ወደ ግድቡ አፈርና ጭድ ተሸክመው ሄደው ነበር። እኛ ከፍ ያለ ቦታ ስለነበርን ጋጣችን ብቻ ነው የተነካው። የፎቫርጎች ቤት ግን ጎድጓዳ ላይ ነው። ውሃው ቡናማ ሆኖ በሜዳው ላይ ሲመጣ ዶርካስ ታማርን ከአልጋ አንስታ በጀርባዋ አዘለቻትና ወደ ቆጡ የሚወጣውን መሰላል ያዘች። የታማር ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ።

«አውርጂኝ! ማን እዘዪኝ አለሽ? በገዛ እግሬ ነው የምሰምጠው!»

አሮጊቷ በቡጢ የዶርካስን ጭንቅላት ትመታለች፣ ዶርካስ ጥርሷን ነክሳ ትወጣለች። ውሃው ከሥራቸው ገበታውን አንሳፍፎ ከግድግዳ ጋር ያላጋዋል።

ቤት ውስጥና ቆጡ ላይ የሆነውን ዶርካስ ራሷ ነች የነገረችኝ፤ በኋላ ዘመን፣ ልብስ አብረን ስናጥብ። ይዛ የወጣችው ግማሽ ከረጢት አጃ፣ የብረት ባልዲና ያቺን የእናቴን ድስት ነበር። ባልዲው ውስጥ የጣሪያ እንጨት ሰባብራ እሳት አነደደች፣ ገንፎ አበሰለች፣ በድስቱ ክዳን አድርጋ ለታማር አቀረበች።

«ካንቺ ድስት አልበላም» አለች ታማር።

«ሌላ ድስት የለም። ያንቺው ታች እየዋኘ ነው።»

«አልበላም አልኩ።»

ዶርካስ ፊቷ ተቀምጣ በላች። እያየቻት፣ ማንኪያውን እየላሰች በላች። እንዲህም ስታደርግ ደስ እያላት እንደነበር አልደበቀችኝም። በማግስቱም አብስላ አቀረበች፣ አሮጊቷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቀትር ላይ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ ተናገረች።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ያን ማታ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠሽ። የሊያን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ሊያ የምትባል ሴት መኖሯን ያወቅኩት ራሱ ከዚያ በኋላ ነው። ምን ነበር የሊያ ነገር?»

ታማር ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጋ አወራችው። ሊያ ሳታገባ አረገዘች። የታማር ባል ያን ክረምት ከቦይ ቆፋሪዎች ጋር ርቆ ሄዶ ነበር። ታማር ሰው እንዳያይ ብላ ልጅቷን ከላሞቹ ጋር ጋጣ ውስጥ ዘጋችባት። ምግብ በሳህን ይላክላታል፤ ታማር ስትናደድ ደግሞ አይላክም። ሳህኑን የሚያደርሰው ጃቤዝ ነበር። በውርጩ ወራት ሕፃኑ ጋጣው ውስጥ ተወለደ፣ ሳይነጋም ሞተ። ታማር ራሷ ከጋጣው ጀርባ ቀበረችው። በፋሲካ ባሏ ሲመለስ ልጅቷን አጥባ፣ አበጥራ፣ ገበታ ላይ አስቀመጠቻት። ሊያ ያን ሁሉ አልተናገረችም። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ተናግራ ሄደች።

«ከዚያ አንቺ መጣሽ» አለች ታማር። «በመጀመሪያው ማታ፣ ሰው በሞላበት፣ ያንኑ ቃል። አንድ ሰው አስተምሮ ልኮብኛል አልኩ። ሊያ ናት የላከቻት አልኩ።»

«በማግስቱ ጫማዬን ይዤ መጥቼ ነግሬሽ የለም? ቄሱስ አልነገሩሽም?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን አላመንሽኝም?»

«ካመንኩሽ ማንን እጠላለሁ?» አለች አሮጊቷ።

እኔ ይህን ስሰማ እጄ ከሳሙናው ላይ ቆመ። «ምን አልሻት?» አልኳት ዶርካስን። አቀፍኳት፣ አለቀስን፣ ምናምን ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዶርካስ አንሶላውን ጠመዘዘችው።

«ልገድላት ፈለግኩ። ውሃው እዚያው ነበር፣ አንድ ግፊት ነው። ልጄ የሄደው፣ ዕድሜዬ በር ሥር ያለቀው፣ እኔ በማላውቀው ነገር ነው። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። 'ብዪ' አልኳት። 'አልበላም' አለች። 'አትብዪ፣ ሙቺ። ግን ስሚኝ፤ ከዚህ ስንወርድ ሊያን ፈልጌ፣ በሕይወት ካለች ፊትሽ አምጥቼ አቆማታለሁ። ዛሬ ብትሞቺ አመለጥሽ ማለት ነው' አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«በላች። በቁጣ በላች፣ ድስቱን ጠርጋ። አልሞትልሽም ማለቷ ነው።»

አባቴና እኔ በጀልባ የደረስነው ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ በቆጡ መስኮት አንገቱን አስገብቶ «እሺ ሴቶች፣ ማን አሸነፈ?» አለ። ታማርን ስናወርዳት እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ቀልላ ነበር።

ዶርካስ እንዳለችው አደረገች። ውሃው ጎድሎ መንገዱ እንደ ደረቀ የዕቃ አመላላሽ ጋሪ ተሳፍራ ከሰፈራችን የሸሸ ሁሉ ወደሚሄድበት ወደ ሊን ወደብ ወረደች። ለባሏ የተናገረችው «ሳህን አድራሹ፣ አክስትህን ላመጣ ነው» ብቻ ነው። ጃቤዝ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወደቡ ላይ እየጠየቀች ስትዞር ዋለች። ሊያ መረብ ጠጋኞች ዘንድ ተገኘች፤ ጸጉሯ ነጭ፣ እጆቿ በገመድና በጨው የተሰነጣጠቁ፣ አጭር ወፍራም ሴት።

«ማነሽ አንቺ?» አለች ሊያ፣ መረቡን ሳትለቅ።

«የጃቤዝ ሚስት ነኝ። ታማር ያደረገችሽን ነግራኛለች።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ለእኔ መልሰሽ የምትነግሪኝ ምኑን ነው?»

«እሷ ገና አልሞተችም ልልሽ ነው።»

ሊያ መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካችና ሻሏን አነሳች።

ጋሪው ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር፤ አባቴ ወሬውን በትኖታል። ሊያ ወደ ቤቱ አልሄደችም፤ ቀጥታ ወደ ጋጣው ሄዳ ውስጡ ቆመች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ታማር በሩ ፊት ወንበር ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ንገሪያቸው» አለች ሊያ።

«ሊያ፣ እኔ...»

«ለእኔ አይደለም። እኔ ነበርኩበት። ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ታማርም ተናገረች፤ ሁሉንም፣ ጋጣውን፣ ሳህኑን፣ ውርጩን፣ የቀበረችበትን ቦታ። ድምጿ ሲደክም ሊያ «ከፍ አድርጊው፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» ትላታለች። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እናቴ አለቀሰች። ዶርካስ እጇን አጣጥፋ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ነበር፤ ፊቷ ላይ ሐዘን ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። በዚያች ሰዓት እሷን ላየ ማን እንደምትመስል ለማለት ይከብደኛል።

«ሰማችሁ» አለች ሊያ ሲያልቅ። «ይቅርታ የሚባል ነገር አላመጣሁም፤ እንዳትጠብቁ። የት ነው የምተኛው?»

«አልጋዬ ላይ» አለች ታማር።

ሊያ የታማርን አልጋ ወሰደች፤ ታማር በሩ ሥር ገለባ ላይ ተኛች። እስከ ቀጣዩ ክረምት እዚያው ተኝታ እዚያው ሞተች። ገንዘው ያወጧት ሊያና ዶርካስ ናቸው፤ አንድም እንባ አልወጣም፣ ግን ሥራው በደንብ ተሠርቷል።

ሊያ ወደ ወደቡ አልተመለሰችም። ከዶርካስ ጋርም ቢሆን ፍቅር ነበር ካልኩ ዋሽቻለሁ። በዳቦው አቡካክ ይጣላሉ፣ በዶሮዎቹ ይጣላሉ፣ መስኮት በመክፈትና በመዝጋት ይጣላሉ። ከቦይ ማዶ «አንቺ የዓሣ ቅርፊት!» ሲባል «አንቺ አቧራ በል!» የሚል መልስ እንሰማ ነበር። ብቻ ሁለቱም ሲናገሩ የሚሉትን ለማለት ነው፤ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ነገር አልነበረም። ጃቤዝን ደግሞ ተባብረው ይሰድቡት ነበር፤ እሱም ተቀበለው፣ እንዲያውም መልስ መስጠት ጀመረ።

ዶርካስ የሞተችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቅዝቃዜ ሳንባዋን ይዟት ነው። ቀብሯ ዕለት ዝናብ ነበር። አሞስ ከባቡር ሐዲዱ ሥራ መጥቷል፤ እሱና ሌሎች አምስት ወንዶች የሬሳ ሣጥኑን በትከሻቸው ይዘው በግድቡ ጫፍ ጫፍ ይሄዳሉ፤ ጭቃው ያንሸራትታል። መንገዱ ላይ ፊት የነበሩት ተንሸራተቱና ሣጥኑ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ከሁላችን ኋላ በዱላ ስትጎተት የነበረችው ሊያ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት መጣች፤ ዱላዋን አንስታ የመጀመሪያውን ሰው ጀርባውን አለችው።

«ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት፣ እናንተ ከብቶች!» ብላ ጮኸች። «ሰው ናት የተሸከማችሁት!»

ወንዶቹ ትከሻቸውን አስተካከሉ። ሊያም ከሣጥኑ አጠገብ ሳትለቅ፣ እየተሳደበች፣ እስከ መቃብሩ ድረስ ሄደች።